ትምባሆ፦ ከአርዮስ መቃብር እስከ መርካቶ በረንዳ

በመርካቶ የማይሸጥ ነገር የለም ይባላል። ሸማው በሸማ ተራ፣ በርበሬው በበርበሬ ተራ፣ አሮጌው ዕቃ በምናለሽ ተራ ቦታ ቦታውን ይዞ ገዢውን ይጠብቃል። ሲጋራ ግን ለብቻው የሚጠራበት ተራ የለውም። ተራ ያላስፈለገውም በየተራው ስላለ ነው። ከአውቶቡስ ተራ እስከ ሰባተኛ፣ ከጎማ ተራ እስከ አመዴ ድረስ ትንሽ ሣጥን በአንገቱ ያንጠለጠለ ልጅ አይታጣም። ሱቅ በደረቴ ይሉታል። በሣጥኗ ውስጥ ማስቲካ፣ ከረሜላ፣ ሶፍትና ክብሪት ተሰድሮ፣ ከሁሉም ፊት የተከፈተ የሲጋራ ፓኮ ይታያል። ገዢው ሳንቲሙን ሰጥቶ አንድ ፍሬ ይመዛል፤ ከዚያው ከልጁ እሳት ተቀብሎ ይለኩሳል፤ መንገዱን ይቀጥላል።

ሻጩ ብዙውን ጊዜ ዕድሜው ከሃያ ያልዘለለ ነው። ከገዢዎቹም ብዙዎቹ የእርሱ እኩዮች ናቸው። በአቅራቢያው ባለ ትምህርት ቤት በሚኒ ሚዲያ ድምፅ ማጉያ “ሲጋራ አታጭሱ” እያለ የሚቀሰቅሰውም እንዲሁ የእነርሱው እኩያ ነው። እንግዲህ ሦስት ወጣቶች በአንዲት ፍሬ ሲጋራ ዙሪያ ቆመዋል ማለት ነው፤ አንዱ ይሸጣታል፣ አንዱ ያጨሳታል፣ አንዱ ይከለክላታል።

ትምባሆ በአገራችን የወጣቶች ሙግት የሆነው ግን በቅርቡ ነው። አስቀድሞ የካህናት፣ ቀጥሎ የነገሥታት፣ ከዚያም የግምጃ ቤት ጉዳይ ነበር። ወጣቱ ዛሬ የሚከራከረው ከእርሱ በፊት ሦስት ኃያላን ሞክረውት ከየራሳቸው ትምህርት ትተው ካለፉት ነገር ጋር ነውና፣ የእነርሱን ታሪክ ማወቅ ይጠቅመዋል።

በመቃብር ላይ የበቀለ ቅጠል

በአገራችን የቆየ አንድ አፈ ታሪክ አለ። ትምባሆ የበቀለው በመናፍቁ በአርዮስ መቃብር ላይ ነው ይላል። አርዮስ እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ ጉባኤ የተወገዘው ሰው ነው፤ በ336 በቁስጥንጥንያ አንጀቱ ተዘርግፎ ሞተ ተብሎ ይተረካል። ከዚያ ርኩስ ሥጋ የወጣ ቅጠል ደግሞ ለምእመን አፍ እንዴት ሊሆን ይችላል?

ታሪኩን በዘመን ቆጠራ ካየነው አይጸናም። ትምባሆ የአሜሪካ ምድር ተክል ነው፤ የተቀረው ዓለም ያወቀው ኮሎምቦስ እ.ኤ.አ. በ1492 ባሕሩን ከተሻገረ በኋላ ነው። አርዮስ ሲሞትና ትምባሆ አትላንቲክን ሲሻገር መካከሉ ከ1,100 ዓመት በላይ ነው። ይሁን እንጂ አፈ ታሪኩን በዕፅዋት ጥናት ሚዛን መመዘን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ተራኪው ሊነግረን የፈለገው የቅጠሉን የትውልድ አገር ሳይሆን የተሰጠውን ፍርድ ነው። ትምባሆ ከውጭ የገባ፣ ከእምነት ውጭ የሆነ፣ ሰውን ከማኅበሩ የሚለይ ነገር ተደርጎ ታየ። ማጨስ የጤና ነገር ከመሆኑ በፊት የማንነት ነገር ነበር።

ይህ ፍርድ በመላ አገሪቱ አንድ ዓይነት አልነበረም። በደቡብና በምዕራብ ባሉ ብዙ ማኅበረሰቦች ዘንድ ጋያ፣ ማለትም በቅል ውስጥ ባለ ውኃ እየተጣራ የሚሳበው ትምባሆ፣ የሽማግሌዎችና የባልቴቶች ጨዋታ ማድመቂያ ሆኖ ኖሯል። በሌላው ስፍራ ደግሞ ሱረት በአፍንጫ ይሳባል። በሰሜንና በመካከለኛው ደጋ ግን “አጫሽ” የሚለው ቃል ለረጅም ዘመን ስድብ ነበር።

ከንፈር ያስቆረጠ ጭስ

ካህናቱ ያወገዙትን ነገሥታቱ በሰይፍ ሊያጸኑት ሞከሩ። ከሁሉም ስማቸው የሚነሣው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ናቸው። ከ1864 እስከ 1881 ዓ.ም በቆየው ዘመነ መንግሥታቸው ትምባሆን ከለከሉ። በዘመኑ አገራችንን የጎበኙ የውጭ ተጓዦች እንደጻፉት፣ ሲያጨስ የተገኘ ከንፈሩን፣ ሱረት ሲስብ የተገኘ አፍንጫውን እንዲቆረጥ ይደረግ ነበር። በ1870 ዓ.ም የቦሩ ሜዳን ጉባኤ የጠሩና አገሪቱን በአንድ ሃይማኖት ለማስተባበር የተነሡ ንጉሥ ትምባሆን የተመለከቱት በዚያው ዓይን ነው። ለእርሳቸው ጭሱ የአለመታዘዝ ምልክት ነበር።

በዚህ ረገድ ዐፄ ዮሐንስ ብቻቸውን አልነበሩም። የእንግሊዙ ንጉሥ ጄምስ 1ኛ እ.ኤ.አ. በ1604 ትምባሆን የሚነቅፍ ጽሑፍ በራሳቸው ብዕር ጽፈው አሳትመዋል፤ ቀረጡንም አንረዋል። የኦቶማኑ ሱልጣን ሙራድ 4ኛ በ1633 አጫሹን በሞት ቀጡ። በሩሲያም በ1634 የወጣው እገዳ አፍንጫ እስከ መሰንጠቅ የሚደርስ ቅጣት ነበረው። የእነዚህ ሁሉ መጨረሻ ተመሳሳይ ነው። እንግሊዝ ከትምባሆ ቀረጥ የምትኖር አገር ሆነች፤ ሩሲያ በታላቁ ጴጥሮስ ዘመን እገዳውን አነሣች፤ የኦቶማን ምድርም ሲጋራን ለዓለም ካስተዋወቁት አገሮች አንዱ ሆነ።

በእኛም አገር ከዐፄ ዮሐንስ ሞት በኋላ ክልከላው ላላ። “ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው” የሚለው ተረት ለትምባሆ አልሠራም። መከራው መጣ፣ ከንፈር ተቆረጠ፣ ጭሱ ግን ተደበቀ እንጂ አልጠፋም። ከቅጣቱ ይልቅ ዕድሜ ያገኘው ነውሩ ነው። ልጅ በአባቱ ፊት፣ ደቀ መዝሙር በመምህሩ ፊት አያጨስም የሚለው ያልተጻፈ ሕግ ከሰይፉ በኋላ መቶ ዓመት ኖረ። ዛሬም አባቱን በሩቅ ሲያይ የለኮሰውን ሲጋራ በመዳፉ የሚሸሽግ ጎልማሳ በመርካቶ መንገድ ላይ ማየት ይቻላል።

መንግሥት ነጋዴ ሲሆን

በ1909 ዓ.ም የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ሲገባ ከቆርቆሮውና ከአቡጀዲው ጋር የአውሮፓ ልማድም በብዛት ገባ። በከተማዋ ከተቀመጡት የውጭ ሰዎች ሲጋራ ወደ ቤተ መንግሥቱ ሰዎች፣ ከእነርሱም ወደ ተማሩት ወጣቶች ወረደ። ቀድሞ የመናፍቅ ምልክት የነበረው ነገር የዘመናዊነት ምልክት ሆነ። ኮት የለበሰ፣ ፈረንሳይኛ የሚሞክር፣ ሲጋራ በጣቱ የያዘ ሰው የአዲሱ ዘመን ሰው ነበር።

መርካቶ ራሱ የተፀነሰው በዚህ ሽግግር ውስጥ ነው። የቀድሞው ታላቅ ገበያ በአራዳ፣ በጊዮርጊስ አካባቢ ነበር። ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም አገሪቱን በያዙ ጊዜ ነጩንና ጥቁሩን ለይተው ከተማዋን በአዲስ ፕላን ሊሠሩ ሲነሡ፣ “የአገሬው ገበያ” ወደ ምዕራብ እንዲሄድ አደረጉ። ስፍራው አዲስ ከተማ ተባለ፤ ገበያውም በጣሊያንኛው ስም መርካቶ ተብሎ ቀረ። ለመለያየት የታሰበው ቦታ ጠላት ከወጣ በኋላ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣው ነጋዴ የተቀላቀለበት፣ ትንሹ ልጅ በሊስትሮ ሣጥን ጀምሮ ባለ ሱቅ የሚሆንበት ገበያ ሆነ።

በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1942፣ የትምባሆ ሥራ በሞኖፖል ሥር ገባ። ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ያለው ሰፈር እስከ ዛሬ “ትምባሆ ሞኖፖል” የሚባለው በዚሁ ምክንያት ነው። ቅጠሉ እንደ ሸዋ ሮቢትና ቢላቴ ባሉ እርሻዎች በቀለ፤ ፋብሪካው ጠቀለለው፤ መርካቶ አከፋፈለው። ነገሥታቱ በዐዋጅ የነቀፉትን ቅጠል አሁን መንግሥት ራሱ የሚሸጠው ሆነ። ሥርዓት ሲለወጥም ይህ አልተለወጠም። ንጉሡ ወርደው ደርግ ሲመጣ፣ ደርግ ወርዶ ኢሕአዴግ ሲተካ ሞኖፖሉ ስሙን ብሔራዊ የትምባሆ ድርጅት ብሎ ሥራውን ቀጠለ።

የፓኮውን መልክ ልብ ብሎ ያየ ሰው ሌላም ነገር ያስተውላል። በጣም የታወቀው ሲጋራ ኒያላ ነው። የደጋ ኒያላ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኝ፣ በባሌና በአርሲ ተራሮች የሚኖር ብርቅ እንስሳ ነው። ሌላው ደግሞ ግስላ ተባለ። በአርዮስ መቃብር የበቀለው መጤ ቅጠል በብርቅዬ እንስሶቻችን ስም ተጠምቆ የአገር ልጅ ሆነ። ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ ከየት ይገኛል?

የተሸጠው ፋብሪካ

ትምባሆ ገዳይ መሆኑ በሳይንስ መንገድ የተረጋገጠው በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 እንግሊዛውያኑ ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል የሳንባ ካንሰርን ከሲጋራ ጋር ያያያዘውን ጥናታቸውን አሳተሙ። በ1981 ደግሞ ጃፓናዊው ታኬሺ ሂራያማ ከ91 ሺህ በላይ የማያጨሱ ሚስቶችን ለ14 ዓመት ተከታትሎ፣ ባሎቻቸው የሚያጨሱት ሴቶች ራሳቸው ሳያጨሱ በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳየ። ከዚያ በኋላ “ሳንባው የራሴ ነው፣ ምን አገባህ” የሚለው ክርክር መሬት አጣ። ጭሱ የባለቤቱ ብቻ አይደለምና።

የታሪክ ፈገግታ ይሉታል እንዲህ ያለውን፤ ያ ጥናት የወጣባት አገር ኩባንያ የእኛን ፋብሪካ ገዛ። ሲሦው የጃፓን መንግሥት የሆነው ጃፓን ቶባኮ እ.ኤ.አ. በ2016 የብሔራዊ የትምባሆ ድርጅትን 40 በመቶ በ510 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2017 መጨረሻ ደግሞ በመንግሥት እጅ የቀረውን 31 በመቶ ያህል በ434 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። ሁለቱ ሲደመሩ 944 ሚሊዮን ዶላር ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የአዋቂዎች ጥናት ትምባሆ የሚጠቀመው ኢትዮጵያዊ 5 በመቶ ብቻ ነበር፤ ከወንዶች 8.1፣ ከሴቶች 1.8 በመቶ። ከብዙ አገሮች ጋር ሲተያይ እጅግ ዝቅተኛ ነው። ታዲያ አንድ ትልቅ ኩባንያ ጥቂት ሰው በሚያጨስበት አገር ይህን ያህል ገንዘብ የሚያፈስሰው ምን አይቶ ነው? መልሱ በአጫሾቹ ሳይሆን ገና ማጨስ ባልጀመሩት ዘንድ ነው። ብዛቱ ከመቶ ሚሊዮን የላቀ፣ አብዛኛው ወጣት የሆነ ሕዝብ ለትምባሆ ነጋዴ ያልታረሰ ድንግል መሬት ነው። ከአጫሾች አብዛኛው ሃያ ዓመት ሳይሞላው የጀመረ መሆኑም የታወቀ ነው። ስለዚህ የገበያው ዕጣ የሚወሰነው በሠላሳና በአርባ ዓመት ሰዎች ሳይሆን በአሥራ አምስትና በአሥራ ስድስት ዓመት ልጆች ዘንድ ነው። ወጣቱ በዚህ ሙግት ውስጥ የገባው ስለተጋበዘ አይደለም፤ ዋጋ የተቆረጠለት እርሱ ስለሆነ ነው።

ወጣት ለወጣት

“ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም” ይላል የአገራችን ሰው። ወጣቱ በራሱ ጉዳይ ራሱ ይናገር የሚለው ሐሳብ በከተሞቻችን ሥር የሰደደው በኤድስ ዘመን ነው። ወላጅ በሚያፍርበት፣ መምህር በሚሸሸው ነገር ላይ በየትምህርት ቤቱና በየቀበሌው የተቋቋሙት የፀረ-ኤድስ ክበቦች በድራማ፣ በግጥምና በሚኒ ሚዲያ አፋቸውን ከፈቱ። ዛሬ ስለ ሲጋራ፣ ስለ ሺሻና ስለ ጫት የሚናገሩት የትምህርት ቤት ክበቦች የዚያ ልምድ ልጆች ናቸው። የዓለም ትምባሆ የማይጨስበት ቀን ግንቦት 23 ሲመጣም ድምፃቸው ከፍ ይላል።

የእነዚህ ክበቦች ቅስቀሳ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ድክመት አለበት። የአሥራ ስድስት ዓመቱን ልጅ በስድሳ ዓመቱ ስለሚይዘው ካንሰር ያስፈራሩታል። በዚያ ዕድሜ ስድሳ ዓመት ማለት ከጨረቃ የራቀ ነው። ጥቁር ሳንባ የተሣለበት ፖስተርም ከጥቂት ቀን በኋላ ከግድግዳው ጋር ይመሳሰላል።

በአሜሪካ የፍሎሪዳ ወጣቶች እ.ኤ.አ. በ1998 የተለየ መንገድ ሞከሩ። በወቅቱ በፍርድ ቤት ክርክር ሳቢያ የትምባሆ ኩባንያዎቹ የውስጥ ሰነዶች ወደ ብርሃን እየወጡ ነበር። ኩባንያዎቹ የሚሞቱትንና የሚያቆሙትን አጫሾች የሚተካ ወጣት እንደሚያስፈልጋቸው በገዛ ጽሑፋቸው መክረውበት ተገኘ። ወጣቶቹም “ትታመማላችሁ” ማለቱን ትተው “እየተጫወቱባችሁ ነው” አሉ። ማጨስ የነፃነትና የእምቢታ ምልክት ነው ብሎ ለሚያስብ ልጅ፣ ለካስ ታዛዥነቱ ነው አሉት። ከ1998 እስከ 2000 ባሉት ሁለት ዓመታት በግዛቲቱ መካከለኛ ትምህርት ቤቶች የሚያጨሱ ተማሪዎች ከ18.5 ወደ 11.1 በመቶ ወረዱ። ለዚህ ውጤት የቅስቀሳው ገንዘብም አስተዋጽኦ አለው፤ ይሁን እንጂ ልጆቹ ለእኩዮቻቸው የተናገሩበት ቋንቋ ትልቁን ድርሻ ይይዛል።

በእኛም አገር ነገሩን ወደ ሕግ መድረክ ካደረሱት መካከል ስሙ መነሣት ያለበት ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ነው። ማኅበሩ በደም ካንሰር ለሞተ ሕፃን መታሰቢያ በወላጆቹ እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተ ነው። የሕፃኑ ሕመም ከትምባሆ የመጣ አልነበረም። አባቱ አቶ ወንዱ በቀለ ግን የአንድ ልጅ ሐዘን በዚያው እንዳይቀር፣ መከላከል ከሚቻለው ካንሰር ጋር ሙግት ገጠሙ፤ ለትምባሆ ቁጥጥር ሕግ መውጣት ለዓመታት ሲወተውቱ ከነበሩት ድምፆች አንዱ ሆኑ።

ሕጉና በረንዳው

ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት የፈረመችው በ1996 ዓ.ም ነው፤ ፓርላማው ያጸደቀው ግን አሥር ዓመት ዘግይቶ በ2006 ዓ.ም ነው። በ2007 ዓ.ም መቀሌ በሕዝብ መገልገያ ስፍራዎች ማጨስን በመከልከል ቀዳሚ ከተማ ሆነች። ከዚያም በ2011 ዓ.ም ዐዋጅ ቁጥር 1112 ወጣ። ዐዋጁ ሕዝብ በሚገለገልባቸው ቤቶችና በሥራ ቦታዎች ውስጥ ማጨስን ከለከለ፤ ማስታወቂያን አገደ፤ የፓኮውን 70 በመቶ የሚሸፍን የማስጠንቀቂያ ሥዕል አዘዘ፤ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው መሸጥን ከለከለ፤ ፍሬ ሲጋራን በነጠላ መሸጥንም እንዲሁ። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ዐዋጅ ደግሞ 30 በመቶና በፓኮ 8 ብር ጨመረበት። መንግሥት የመጨረሻ ድርሻውን ከሸጠ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ጠንካራ ሕግ አወጣ ማለት ነው። ነጋዴነቱን ሲተው ከልካይነቱ ቀለለው ብንል ከእውነቱ ብዙ አንርቅም።

እንግዲህ ሕጉ ከወረቀቱ ወርዶ በመርካቶ በረንዳ የሚያገኘው ማንን ነው? ያንን ሱቅ በደረቴ ነው። 8 ብሩ ለሃያ ሲካፈል በአንድ ፍሬ 40 ሳንቲም ነው፤ ፓኮ መግዛት የማይችለው ተማሪ ፍሬ ይገዛልና ቀረጡ የታሰበለትን ያህል አይሰማውም። ብር ሲረክስ ደግሞ በቁጥር የተወሰነ ቀረጥ አብሮ ይረክሳል። የነጠላ ሽያጭ ክልከላው ዓላማ ይህን በር መዝጋት ነው፤ ዓላማው ትክክል ነው። ነገር ግን በበሩ ላይ የተቀመጠው ኩባንያው አይደለም። ከገጠር መጥቶ ሌት በበረንዳ፣ ቀን በመንገድ የሚውል ልጅ ነው። ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ሣጥኑን አንስቶ የሚሮጠው፣ ሣጥኑ ሲወረስ የዕለት ጉርሱን የሚያጣው እርሱ ነው።

ሱቅ በደረቴውን ማባረር ከንፈር የመቁረጥ ታናሽ ወንድም ነው። ጭሱን ይደብቀዋል፤ አያጠፋውም። ሣጥኑ ከወዲያኛው ማዕዘን ይከፈታል፤ ሲጋራውም ከሶፍቱ ሥር ይሸሸጋል። በሌላ በኩል ደግሞ ለአንድ ልጅ እንጀራ ሲባል ሌሎች አሥር ልጆች ሱሰኛ ይሁኑ ማለት አይቻልም። የትምህርት ቤቱ ወጣት ዘመቻ የሚፈተነው በዚህ ላይ ነው። ዘመቻው ከግቢው አጥር ወጥቶ ሣጥን የተሸከመውን እኩያውን ካላነጋገረ፣ ሲጋራውን ትቶ በማስቲካው፣ በሶፍቱና በካልሲው የሚኖርበትን መንገድ ከነጋዴው፣ ከዕድሩና ከቀበሌው ጋር ካልፈለገ፣ የተማረው ልጅ ያልተማረውን ልጅ የሚከስስበት ጉዳይ ሆኖ ይቀራል።

ታሪኩ የሚያስተምረው ሁለት ነገር ነው። ሰይፍ ያልቻለውን ነውር ችሎ ነበር። አምስት በመቶ የሚለው ቁጥር የዐዋጅ ፍሬ አይደለም፤ ከዐዋጁ በፊት እናቶችና አባቶች፣ ካህናትና ሼሆች ያቆዩልን ቅርስ ነው። ያ ነውር ግን የሚጠብቀው የሚያውቅህ ሰው ባለበት ነው። መርካቶ ደግሞ ማንም ማንንም የማያውቅበት፣ አባት የሌለበት ልጅ የበዛበት ገበያ ነው። በዚያ ስፍራ የአባትን ዓይን ሊተካ የሚችለው የጓደኛ ዓይን ብቻ ነው። ወጣቶቹ ሊሠሩት የተነሡትም ይህንኑ ነው፤ ካህኑ ያወገዘውን፣ ንጉሡ የቀጣውን፣ ግምጃ ቤቱ የሸጠውን ነገር እኩያ ለእኩያ በመናገር ማስቀረት። ይሳካላቸው አይሳካላቸው የሚታወቀው በግንቦት 23 ሰልፍ ብዛት አይደለም። በማግሥቱ፣ በግንቦት 24፣ በሣጥኗ ፊት የተከፈተው ፓኮ ላይ ስንት ፍሬ ሳይሸጥ እንዳደረ በመቁጠር ነው።